የሸምሱ ፍሬን

ሰው ሲያረጅ ስለ ድፍረቱ ማውራት ይወዳል። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስላፈርኩበት ነገር ነው። ሶዶ ውስጥ የኔ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ካሉ የዚህን ታሪክ ግማሹን ያውቁታል፤ ስቀውበታልም። ሌላውን ግማሽ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን እሱን ሰምቶ የሚያዝን ሰው በሕይወት የለም፤ ስለዚህ ይውጣልኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ገደማ። እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ሶዶ የሂሳብ አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ቋንቋውን አልችልም። በገበያ ቀን ሰው ሁሉ በወላይትኛ ሲጫወትና ሲሳሳቅ እኔ መሀል ላይ ቆሜ፣ ምን እንደተባለ ሳላውቅ፣ አብሬ ፈገግ እላለሁ። ክፍል ውስጥ ቁጡ ነበርኩ። ተማሪዎቼ ይፈሩኛል፣ ባልደረቦቼ ደግሞ "ኩሩ ነው" ይሉኛል። ኩራት አልነበረም፤ ሰው እንዴት እንደሚቀረብ አላውቅበትም ነበር፣ ይኸው ነው። እናቴ እኔ ሶዶ በመጣሁ በስድስተኛው ወር ሞተች፤ መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሌሎቹ አስተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ሲሄዱ እኔ እዚያው እቀራለሁ። የምሄድበት አልነበረኝም።

የነበረችኝ አንዲት ሞተር ሳይክል ናት። ቀይ፣ ትንሽ፣ የእሽቅድምድም ዓይነት። መሪዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲነዷት ሆድ ከነዳጅ መያዣው ጋር ይጣበቃል። አገር ለቅቆ የሚሄድ አንድ ጣሊያናዊ ግንበኛ ነው የሸጠልኝ። ጉልበት አላት፣ ትሮጣለች፤ ፍሬን ግን አላት ለማለት ያስቸግራል። የፊተኛዋ ታምቡር፣ ፍሬኑን በውስጧ የያዘችው ክብ ብረት፣ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ብታክል ነው። ሶዶን ለምታውቁ ደግሞ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የትም ልሂድ ብትሉ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። እኔ ስወርድ ሁለት እግሮቼን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ ነበር የማቆማት።

አንድ የሐምሌ ቀን እንዲሁ እየተጎተትኩ በሸምሱ ጋራዥ ፊት አለፍኩ።

ሸምሱ ያኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። አባቱ ከስልጤ ለንግድ መጥተው ሶዶ የቀሩ ናቸው፤ ወንድሞቹ ሁሉ ሱቅ ሲከፍቱ እሱ ብረት ወደደ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲያስብ የታችኛውን ከንፈሩን የሚነክስ። ወደ ቆላው የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች ፍሬን ሁሉ በሱ እጅ ነበር የሚያልፈው።

"መምህር!" ብሎ ጠራኝ። "የምታሠራው ጫማህን ነው ሞተርህን?"

"ሁለቱም አልቀዋል" አልኩት።

"ጫማውን ጫማ ሰፊ ጋ ውሰደው። እሷን ወዲህ አምጣት።"

የዚያን ክረምት ሦስት ሳምንት ሙሉ በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ ይበልጡብኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኛ ከስሩ እንሠራለን። ሸምሱ ጓሮው ውስጥ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ የአንድ ትልቅ ሞተር ሳይክል ስብርባሪ ነበረው። የሱን የፊት ታምቡር አወጣው። የኔን ሁለት እጥፍ ይሆናል። ከውስጡ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጡ ሁለት ብረቶች አሉ፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ውጭ ተከፍተው ታምቡሩን የሚያንቁት እነሱ ናቸው። "ያንተ ላይ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይለግማል" አለኝ። "እዚህኛው ላይ ለየራሳቸው የሚገፋቸው አለ። ሁለቱም ይነክሳሉ።"

የፊት ጎማውን ቸርኬ ፈታነውና ከአዲሱ ታምቡር ጋር ሽቦ በሽቦ እንደገና ለቀምነው። መሀል ብረቱ ጎማውን ከሚይዘው ሹካ ጋር አልገጥም ሲል ሸምሱ ሞርሳ ላይ አስሮ ሁለት ቀን ሞረደው። ከዚያ የፍሬን ሸራ፣ ብረቶቹ ላይ ተለጥፎ ታምቡሩን የሚይዘው። አዲስ ሸራ ሶዶ ውስጥ ከየት ይመጣል? ከጭነት መኪና የተረፈ ወፍራም ሸራ በብረት መጋዝ ቆርጦ፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት አሳስቼው፣ ሸምሱ በመዳብ ሽቦ ምስማር ቸነከረው። ታምቡሩ ሲግል አየር እንዲያገኝ ብሎም ሽፋኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ከፈተለትና ጠጠር እንዳይገባበት ቁራጭ ወንፊት ገጠመበት።

ምሳ ከቤቱ ይመጣለታል፣ ቆጮና ጎመን። አብረን እንበላለን። ከበላን በኋላ ግን ወዮላችሁ!

"ታጠብ።"

"ታጥቤያለሁ እኮ።"

"በሳሙና ታጠብ። ሸራና ቅባት ጠላቶች ናቸው፣ መምህር። ያንተ የጣት ቅባት ይበቃዋል። ሸራ አንዴ ቅባት ከጠጣ አለቀለት፣ ፍሬን አይባልም።"

እሱም ክርኑ ድረስ ታጥቦ፣ ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ ሸራውን እንደ ሕፃን ፊት ይጠርገዋል። የስግደት ሰዓቱ ሲደርስ ማዕዘን ላይ ምንጣፉን ያነጥፋል፤ እኔ ያን ጊዜ ድምፅ ላለማሰማት ሞረዱን አስቀምጬ እጄን አጣጥፌ እጠብቀዋለሁ። ብዙ አናወራም ነበር። ግን ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ "ነገ" የሚል ሐሳብ ደስ ይለኝ ጀመር። ለካ ጓደኛ ማለት ይሄ ነው፤ በሃያ አራት ዓመቴ አወቅሁት።

ተገጥሞ ሲያልቅ አብረን ሞከርናት። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍጥነት ወርጄ በሁለት ጣት ብቻ ነካ ሳደርጋት ቀጥ አለች! እንደ ልጅ ጮህኩ። ሸምሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ነበረባት። ፍሬኑን ስይዝ ትጮሃለች። ጩኸት እንዳይመስላችሁ፤ ጥርስ የሚያስፋጭ፣ ሰፈሩን ከቤቱ የሚያስወጣ ሲርርር የሚል ነገር ነው።

"ይጩህ ተወው" አለኝ ሸምሱ። "ሸራው ደረቅ ነው፣ ለዚህ ነው። የሚጮህ ፍሬን ይይዛል። ምንም እንዳታደርገው።"

አሁን አከራዬን ላስተዋውቃችሁ። እማማ አማረች የወላይታ ሴት ናቸው፣ ባል የሞተባቸው፣ እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት የማይቀሩ። አንድ ልጃቸው ወደ ሸንኮራ እርሻ ለሥራ ብሎ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። እኔ የምኖረው እሱ በነበረበት ክፍል ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት እያቀላቀለ ይመጣል፣ እኔንም አንዳንዴ "አንቺ" ይሉኛል። የፈለጉ ቀን ደግሞ "ታ ናአው" ይላሉ፣ "ልጄ" ማለት ነው። እኔ ግን በልጅነት ማንም እንዲጠራኝ አልፈልግም ነበር፤ እናቴን ያስታውሰኛል። ስለዚህ "እሺ እማማ" ብዬ ክፍሌ እገባለሁ። ሸምሱ አልፎ አልፎ እኔ ጋ ሲመጣ በግድ አስቀምጠው ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የሚሠራውን ኩርኩፋ በቅቤያቸው ያበሉት ነበር፣ እሱ ይበላላቸዋል። እኔ ከሱ ጋር ካልሆነ አልቀመጥላቸውም።

ነሐሴ ሲያልቅ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በግቢው በር ስገባ ሞተሯ እንደ ልማዷ አቃጨለች። እማማ አማረች ጎመን ሲቀነጥሱ ከነበሩበት ብድግ አሉ።

"ልጄ፣ ይሄ ሞተር ምን ሆና ነው ሁልጊዜ የምታለቅሰው? አሞታል?"

ደክሞኝ ነበር። ማስረዳቱ ሰለቸኝ። "አላመማትም እማማ። መስቀል ስለደረሰ ቅቤ አምሯት ነው" አልኩ።

እኔ ቀልዴን ነበር። እሳቸው አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ያን ወንፊት የለበሰ ቀዳዳ አዩትና በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ክፍሌ ገባሁና ረሳሁት።

ወላይታን የማታውቁ ካላችሁ፣ የመስቀል ቅቤ እዚያ ዝም ብሎ ቅቤ አይደለም። ሴቶች ዓመቱን ሙሉ እየቆጠቡ ያጠራቅሙታል። ለምግብ ብቻም አይደለም፤ የወለደች፣ ያገባች፣ የተሾመ፣ ከሩቅ በሰላም የተመለሰ ሁሉ አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። ሰውን "የኔ ነህ" ማለታቸው ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው እንጂ ያኔ ምኑንም አላውቅም።

ጳጉሜ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ርዕሰ መምህሩ ቆላው ውስጥ ላለው የሁምቦ ትምህርት ቤት አንድ ፖስታ አድርስ አለኝ። ደስ አለኝ፤ ረጅም መንገድ ፈልጌ ነበር። ዝናቡ ቆሟል። ከግቢ ስወጣ እማማ አማረች በር ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ከወትሮው የተለየ ፈገግታ ነበር ፊታቸው ላይ። ሞተሯም የዚያን ዕለት አልጮኸችም። "ለመደች፣ ሸምሱ እንዳለው" ብዬ አሰብኩ። አይ ሞኝነት! ሸምሱ መቼ ትለምዳለች አለ? ይጩህ ተወው ነው ያለው።

ከተማው ውስጥ በዝግታ ስለሄድኩ ፍሬን እምብዛም አልያዝኩም። የሁምቦ ቁልቁለት ተጀመረ። አየሩ እየሞቀ መጣ፣ የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ብቅ አለ፣ እኔም ደስታዬ ጨመረና ለቀቅኋት። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ስደርስ ፍሬኑን በሁለት ጣት ነካሁት።

ምንም የለም።

በአራት ጣት ያዝኩ። እጀታው መጨረሻው ድረስ ገብቶ ቁጭ አለ፤ መንኮራኩሩ ግን እንኳን ሊቆም ጭራሽ ለስልሶ ይዞራል። የኋላውን በእግሬ ረገጥኩ፤ እሱ ዱሮም ደካማ ነው፣ ትንሽ ጎተተና ሸተተ። ማርሽ ቀነስኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ሞተሯ ተንገጫገጨች፣ ግን ቁልቁለቱ ከሁላችን ይበረታል። ኩርባውን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም።

ከኩርባው ወዲያ ገበያተኞች ነበሩ። መንገዱን ሞልተው ይወርዳሉ፤ ሴቶች እንስራና እንጨት አዝለዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ጡሩምባ ነፋሁ። ዞር ሲሉ ተደናግጠው ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ ሮጡ፣ አንዲት እንጨት ያዘሉ ሴት ግን መሀል መንገድ ላይ ደርቀው ቀሩ። ዓይናቸውን አየሁት። የኔ እናት ዕድሜ ናቸው። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም ብል ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር። ግን እጄ መሪውን ወደ ግራ ጣለው።

ቦይ ዘለልኩ፣ እንሰት ማሳ ውስጥ ገባሁ። እንሰቶቹ ባይኖሩ ዛሬ ይህን የሚያወራችሁ አልነበረም፤ ግንዳቸው እየተቀነጠሰ ፍጥነቴን በላልኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ድንጋይ እግሬን ተቀበለው። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

ሰዎቹ እየሮጡ መጡ። የሚያወሩት አይገባኝም። አንድ አማርኛ የሚችል ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ "አይዞህ፣ አይዞህ። ዘመድህ ማን ነው? ማንን እንጥራልህ?" አለኝ።

ይሄውላችሁ፣ ከእግሬ ስብራት ይልቅ የጎዳኝ ያ ጥያቄ ነው። ማንን እንጥራ? አሰብኩ፣ አሰብኩ። በዓለም ላይ የምጠራው አንድ ስም ብቻ ነው ያለኝ።

"ሸምሱን" አልኩ። "መካኒኩን ሸምሱን ጥሩልኝ።"

ቃሬዛ ሠርተው ዳገቱን ሁሉ እየተቀባበሉ ሶዶ ሆስፒታል አደረሱኝ። ስንት ሰዓት እንደፈጀ አላውቅም፤ ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች፣ አንዲት ሴት እየሄዱ በቅጠል ያጠሉልኛል። እነዚያ ሰዎች ገበያቸው ቀርቷል። መንገዱን በሙሉ ግን እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፍሬኑ ለምን ከዳኝ? ሕመሙ ሲብስ ጥያቄው ወደ ንዴት ተለወጠ። ሆስፒታል ስደርስ ፍሬኑ ሳይሆን ሸምሱ ነው የከዳኝ ብዬ ጨርሼ ነበር።

ሸምሱ እየሮጠ መጣ። እጁ ላይ ያለውን ዘይት እንኳ አልታጠበም፤ ያ እጅ መታጠብ የሚወድ ሰው። እየተንቀጠቀጥኩ ስላገኘኝ ኮቱን አውልቆ ጣል አደረገልኝ።

"መምህር! ምን ሆንክ? እንዴት ሆነ?"

"ፍሬኑ የለም" አልኩት።

"የቱ ፍሬን?"

"ያንተ ነዋ! ያንተ ፍሬን!" ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ ዞረ። "ይዤ ይዤ እጄ ነው የቀረኝ! ሰው ልገድል ነበር እኮ! እናት የምትሆን ሴትዮ ልገድል ነበር!"

ከንፈሩን ነከሰ። "አይሆንም" አለ ቀስ ብሎ። "ያ ፍሬን እንዲህ አያደርግም። ቆይ፣ ፈትቼ ልየው።"

"እጅህን ከሞተሬ ላይ አንሳ! መካኒክ ነኝ ትላለህ? የሰው ነፍስ የምታጠፋ ነህ! ውጣልኝ ከዚህ!"

ሊጨብጠኝ ዘርግቶት የነበረውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወጣ። ኮቱን ግን አልወሰደም።

ጎኔ ያለው አልጋ ላይ ታደሰ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ተኝቶ ነበር፣ እጁን የመኪና ማንሻ ክሪክ መትቶት። ሁሉንም ሰምቷል። በሦስተኛው ቀን ወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወሬ ግን ይወዳል። በሳምንት ውስጥ ሶዶና አረካ መሀል የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ "የሸምሱ ፍሬን መምህሩን ሊገድለው ነበር" የሚለውን ሰማ። ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ ወደዚያ ጋራዥ ዝር አይልም።

እማማ አማረች በየቀኑ በእግራቸው ይመጡ ነበር፣ ምግብ ይዘው። ጎኔ ይቀመጣሉ፣ እያዩኝ እንባቸው ይመጣል። ለእኔ አዝነው መሰለኝ። ሸምሱ ተመልሶ አልመጣም። በር በተከፈተ ቁጥር ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔ ወደዚያ ይሄድ ነበር።

እግሬ በጄሶ ታስሮ በክራንች ቤቴ የገባሁት ለመስቀል ዋዜማ፣ በደመራ ዕለት ነው። ከሰዓት በኋላ እማማ አማረች ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው አስቀመጡኝ። በሸክላ ቅቤ ይዘው መጡ፣ ከበላዬ ቆመው አናቴ ላይ ያደርጉልኝ ጀመር። ከዚያ አለቀሱ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ታ ናአው። እኔ ነኝ ያሰበርኩህ።"

"ምን ማለትዎ ነው እማማ?"

"ላንተ መቅባት ነበረብኝ፣ መጀመሪያ ላንተ። አንቺ ግን ሁልጊዜ ትሸሺኛለሽ፣ ክፍልሽ ትገቢያለሽ። ቅቤ ይዤ ብመጣ እንዳትቆጣ ፈራሁ። ለዛ ለሞተሯ ብቻ ቀባሁ። እሷ ታመጣዋለች ብዬ ነው፣ በሰላም ታመጣዋለች ብዬ። አልበቃም።"

አናቴ ላይ ያለው ቅቤ ቀዘቀዘኝ።

"ሞተሯን የት ጋ ቀቧት?"

"የምታለቅስበት ጋ። ያቺ ቀዳዳ፣ ወንፊት ያለው። አፏ ነው ብዬ። አቅልጬ በጭልፋ አፈሰስኩላት። ጠጣች፣ ሁለት ጭልፋ። ከዚያ አላለቀሰም፣ አየህ? ደስ አላት።"

ሸራና ቅባት ጠላቶች ናቸው። ሸራ አንዴ ቅባት ከጠጣ አለቀለት። ቅቤ አምሯት ነው እማማ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። እኚህ ሴት ዓመት ሙሉ ካጠራቀሙት የመስቀል ቅቤ ሁለት ጭልፋ ለኔ ሲሉ ሰጡ። በኔ ቀልድ። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ ያለኝን አንድ ጓደኛ በሰው ፊት ነፍስ አጥፊ አልኩት።

ምን እላቸው? እውነቱን ብነግራቸው ልባቸው ይሰበራል፤ አንድ ልጅ ጠፍቶባቸዋል፣ ሌላውን በእጄ ልገድል ነበር ብለው ይኖራሉ። ዝም ብል የሸምሱ ስም እንደጠቆረ ይቀራል። እጃቸውን ይዤ ሳምኩትና "በቅቷል እማማ፣ ይኸው በሕይወት አለሁ አይደል" አልኳቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። እሳቸው በደስታ ያለቀስኩ መሰላቸው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ በዓሉን ሲያከብር፣ በክራንች እየተንፏቀቅሁ ጋራዡ ሄድኩ። ተቆልፏል። የጎረቤቱ ባለሱቅ ቁልፍ ይዞ ወጣ።

"ሸምሱማ ከሄደ አራት ቀኑ" አለኝ። "ሥራ ጠፋ። ሻሸመኔ ልሞክር ብሏል። ሞተርህን ግን ሲመጣ ስጠው ብሎኛል።"

ሞተሬ ማዕዘን ላይ ቆማለች፣ ያ የሚሰግድበት ማዕዘን። መንደርተኞቹ ተሸክመው ያመጡለት እሱ ጋ ነበር። የተጣመመው ሹካ ተቃንቷል፣ የተጨፈለቀው ፓራፋንጎ፣ የጎማው ጭቃ መከላከያ፣ ተቀጥቅጦ ቀለም ተቀብቷል። ፍሬኑን ይዤ ገፋኋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ከመቀመጫው ስር ያለውን የመፍቻ ሳጥን ስከፍት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። ሁለቱ የድሮ ሸራዎች ናቸው፣ ቅቤ የጠጡ። ሽታቸው ወጣ።

አውቆ ነበር። ከኔ በፊት አውቆ ነበር! ያን ሽታ ማን ቤት እንደበላው አይጠፋውም። ሸራዎቹን ይዞ ሾፌሮቹ መሀል ቢቆም፣ "እዩ፣ የማን ጥፋት እንደሆነ" ቢል፣ በአንድ ቀን ስሙ ይመለስ ነበር። ከዚያ ግን ከተማው ወደ ማን እንደሚዞር አሰበ። ኩርኩፋቸውን በልቷል። ሸራዎቹን ጠቅልሎ ለኔ ብቻ አስቀመጠና አገሩን ለቅቆ ሄደ።

የመስቀል ሰሞን አልፎ ሾፌሮቹ ወደ ሥራ ሲመለሱ ጠዋት ጠዋት የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ሄድኩ። ታደሰም ነበር፣ እጁ እንደታሰረ። በክራንቼ ወለሉን መታሁ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው።

"ስሙኝ! ሸምሱ የሠራው ፍሬን እንከን አልነበረበትም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቅቤ አፍስሼበት ነው።"

ታደሰ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ምን አፍስሰህ?"

"ቅቤ።"

"ፍሬን ላይ?"

"ይጮህ ነበር። እንዳይጮህ ብዬ።"

ሳቁ እንዴት እንደፈነዳ አልነግራችሁም። ታደሰ ወንበሩን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። "የሂሳብ አስተማሪ! ፍሬን በቅቤ! በርበሬስ አልጨመርክበትም?" አለ አንዱ። "መምህር ቅቤ!" አለ ሌላው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ። ትምህርት ሲጀመር ያ ሁሉ የሚፈራኝ ተማሪ ሰሌዳው ላይ የቅቤ ቅል ሥሎ ጠበቀኝ። ልገርፋቸው እችል ነበር። ዳስተሩን አንስቼ ጠረግሁና "ገጽ አንድ ግለጡ" አልኩ።

ወሬው እማማ አማረች ጆሮም ደረሰ። መምጣቱ አይቀርም ነበር። በር ላይ ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ ቅቤው ነው እንዴ የጣለህ?"

"የርስዎማ ትንሽ ነበር እማማ፣ ደርቆ አልቋል። እኔ ሞኙ ደህና ሲያደርጋት አይቼ ሌላ ቅቤ ገዝቼ ሞላሁባት። የኔ ነው የጣለኝ።"

ያመኑኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። "ና፣ ምሳ ቀርቧል" አሉኝ ብቻ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ አልበላሁም፤ እስኪሞቱ ድረስ ዘጠኝ ዓመት አብረን በላን። ሞተሯ አጠገብም ደግመው አልደረሱም። ስታቃጭል ጆሯቸውን ይይዙና ይስቃሉ።

ሸምሱን መፈለግ አልተውኩም። ጄሶዬ ሲፈታ ኮቱን ይዤ ሻሸመኔ ሄድኩ። ጋራዥ ለጋራዥ ጠየቅሁ። ትንሽ ሠርቶ ወደ ሌላ አገር ሄዷል አሉኝ፤ አንዱ ጅማ አለ፣ አንዱ ነገሌ። ኮቱን ይዤ ተመለስኩ።

አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል ታደሰ መኪናውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሞ አስጠራኝ። ከወትሮው የተለየ ፊት ይዟል፤ አልቀለደም።

"ጅማ መንገድ ላይ ተበላሽቼ አንድ መካኒክ አገኘሁ" አለኝ። "ሸምሱ ነው። ስላንተ ነገርኩት፣ ሻይ ቤት ያልከውን፣ ሁሉን። ሥራውን አቁሞ ሰማኝ።"

"ምን አለ?"

"መኪናውን ጨርሶ ልሄድ ስል ነው መስኮት ላይ መጥቶ ያናገረኝ። 'መምህር ቅቤን ሰላም በልልኝ' አለኝ። ከዛ ደግሞ 'ይጩህ ተወው በለው' አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እኔ አልገባኝም።"

ለኔ ገብቶኛል። ታደሰ ፊት አለቀስኩ፣ የተማሪዎቼ መስኮት ላይ መደርደር ግድ ሳይሰጠኝ። ታደሰ ወደነገረኝ ቦታ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። አላገኘሁትም። ከዚያም አብዮቱ መጣ፣ ሰው ሁሉ ተበታተነ። ፊቱን ዳግም ሳላይ አረጀሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምክር የምሰጥ አይምሰላችሁ፤ ምክር የሚሰጥ ሰው ሕይወት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እላችኋለሁ። እኔ ያን ዘመን ሁሉ ብቻዬን ነኝ ብዬ አምን ነበር። ብቻዬን አልነበርኩም። አንዷ በር ላይ ቆመው ቅቤ ይዘው እንዳልቆጣቸው ይፈሩኝ ነበር፣ ሌላው ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዳልሞት ብረት ይሞርድልኝ ነበር። ሁለቱም ይወዱኝ ነበር፣ እኔ ግን ያየሁት ከረፈደ ነው። ሁለቱም ከሄዱ በኋላ የመጣው ብቸኝነት ነው እውነተኛው።

ሞተሯን እስከ ጡረታዬ ድረስ ነዳኋት። ስንት መካኒክ "ይህን ጩኸት ላጥፋልህ" ብሎኛል፤ ለአንዱም አልፈቀድኩም። ኮቱ ዛሬም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። እጅጌው ላይ የሸምሱ የጣት ዘይት አለ፣ አላጠብኩትም።